ከሞተር አካባቢ የሚሰማ የሚያጉረመርም ድምፅ ሲመረመር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ያገለገለ መኪና የገዙ ሰዎች ኮፈኑ ስር እንግዳ ድምፅ ሲሰሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚደነግጡት ለሞተሩ ነው። ድምፁ የሚንኳኳ ከሆነ ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ሳያቋርጥ «ዝዝዝ» እያለ የሚያጉረመርምና ነዳጅ ሲሰጥ እየቀጠነ ከፍ የሚል ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በቺንጋ (ሞተሩ በሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ከሚዞሩት ዕቃዎች ከአንዱ ኩሽኔታ (ዘንግ በቀላሉ እንዲዞር ከሚያደርገው ቤሪንግ) ነው። ዲናሞው (ባትሪውን የሚሞላው ኃይል አመንጪ)፣ የውሃ ፓምፑ፣ የኤሲው ኮምፕሬሰርና የቺንጋው መወጠሪያ ተጠጋግተው ስለሚዞሩ፣ ከላይ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው የአንዱን ድምፅ ለሌላው ቢሰጥ አያስገርምም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ከባለቤት ወደ ባለቤት እየተላለፉ ገና ብዙ ማገልገል ስላለባቸው፣ በዚህ ምርመራ ላይ የሚፈጸሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ ማየት ተገቢ ነው።

ከሁሉ የከፋውና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳይረጋገጥ ዕቃ መግዛት ነው። መካኒኩ ለጥቂት ሰከንድ አዳምጦ «ዲናሞው ነው» ይላል፤ ባለቤቱም ወደ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ዲናሞ ገዝቶ ያስገጥማል፤ ድምፁ ግን ባለበት ይቀጥላል። ግምቱ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ የተገዛው ዲናሞ ራሱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሠራ የሚያውቅ ሰው ስለማይኖር፣ የደከመ ኩሽኔታ በሌላ የደከመ ኩሽኔታ ተተካ ማለት ሊሆን ይችላል። በእኔ እምነት አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም ድምፁ የሚከተለው ምንን ነው የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ መዝለል በራሱ ሁለተኛው ስህተት ነው፤ መልሱ ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ ሊገኝ ይችላል። መኪናውን አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ (ከማርሽ ነጻ) አድርጎ ቀስ በቀስ ነዳጅ ሲሰጡት ድምፁ አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ምንጩ ከሞተሩ ጋር የሚዞር ዕቃ ነው። ቆሞ ሳለ ዝም ብሎ ሲነዳ ብቻ የሚሰማና የመኪናውን ፍጥነት የሚከተል ከሆነ ግን ኮፈኑን መክፈት አያስፈልግም፤ የጎማ ኩሽኔታን ወይም እኩል ሳይሆን የተበላ ጎማን መመርመር ይሻላል። ሁለቱንም ሳይከተል በራሱ ጊዜ የሚነሳና የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የራዲያተር ፋን ነው። ፋኑ ውሃው ሲሞቅ ወይም ኤሲ ሲበራ መነሳቱ የተለመደ ሥራው ስለሆነ፣ መንገጫገጭና መፋተግ ካልተጨመረበት በስተቀር ሊያስጨንቅ አይገባም።

ድምፁ ሞተሩን የሚከተል ሆኖ ከተገኘ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) እየሠራ ሳለ ዕቃዎቹን በየተራ ሥራ ማስያዝ ይቻላል። ኤሲው ጠፋም በራ የኮምፕሬሰሩ ፑሊ (ቺንጋው የሚያርፍበት ክብ) በራሱ ኩሽኔታ ላይ ይዞራል፤ ሲበራ ግን ፑሊውና የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ተያይዘው አንድ ላይ ስለሚዞሩ በኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይለወጣል። ስለዚህ ኤሲ ጠፍቶም የሚሰማ፣ ሲበራ ግን ሊለወጥ የሚችል ድምፅ የፑሊውን ኩሽኔታ ያስጠረጥራል፤ ኤሲ ሲበራ የሚጀምር ድምፅ ግን ኮምፕሬሰሩን ራሱን ያስጠረጥራል። ትልቁን መብራት፣ የውስጥ አየር ማናፈሻውንና የኋላ መስታወት ማሞቂያውን አንድ ላይ ሲያበሩ ድምፁ ከከበደ ጥርጣሬው ወደ ዲናሞው ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ የባትሪውን ቮልት መለካት መልካም ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ከ13.5 እስከ 14.8 ቮልት አካባቢ ካሳየ ዲናሞው ኃይል እየሰጠ ስለሆነ፣ ችግሩ የኩሽኔታ ብቻ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። መሪው በዘይት የሚታገዝ ከሆነ እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ የሚያቃስተው የመሪ ፓምፑ ነው፤ አስቀድሞ የመሪ ዘይቱን መጠን ማየት ያስፈልጋል። የእጅ ማርሽ ባለው መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ፣ ሲረገጥ የሚጀምር ድምፅ ደግሞ ከፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ የሚመጣ ነው። ይህን ፈተና የዘለለ ሰው የካምቢዮን ችግር በዲናሞ ላይ ሊፈልግ ይችላል።

ሌላው ስህተት ሞቆ የቆየን ሞተር ብቻ ማዳመጥ ነው። ቅባቱ ያለቀበት ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ ድምፁን የሚያሰማው ጠዋት በቅዝቃዜ ሲነሳ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ዝም ሊል ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ወይም ደላላ ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አስነስቶ ሊያሞቀው ስለሚችል፣ መኪና ለመግዛት የሄደ ሰው ከሰላምታው ቀጥሎ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ሙቀቱን ቢያይ አይነወርም። ሞቆ ካገኘው በማግስቱ ጠዋት ሳይነሳ እንዲጠብቀው ይጠይቅ።

የሞተር አጠባንም በዚሁ አብሮ ማንሳት ይገባል። መኪናው ለሽያጭ ሲዘጋጅ በላቫጆ ሞተሩን በኃይለኛ የውሃ ግፊት ማሳጠብ የተለመደ ነው። ይህ የኩሽኔታዎችን ቅባት ሊያጥብና ወደ ዲናሞው ውሃ ሊያስገባ ከመቻሉም በላይ፣ ከውሃ ፓምፑ ትንሽ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ወርዶ የደረቀውን የኩላንት ምልክት ያጠፋል። የፓምፑ ኩሽኔታ ሲላላ ማሸጊያውም አብሮ ስለሚጎዳ፣ ያ ምልክት ከጆሮ ይበልጥ እውነቱን ይናገር ነበር። ሞተሩ ከተመረመረ በኋላ ይታጠብ።

ድምፁን ለማፈን በቺንጋው ላይ ዘይት፣ ሳሙና ወይም የሚረጭ ቅባት ማድረግም ጉዳት አለው። ቅባት የነካው ቺንጋ ይንሸራተታል፤ ጎማውም ቶሎ ይበላሻል። ለምርመራ ጥቂት ንጹሕ ውሃ መርጨት ይበቃል፦ ውሃ ሲነካው ለአፍታ የሚጠፋ ጩኸት ከቺንጋው ነው፤ የኩሽኔታ ጉርምርምታ ግን በውሃ አይለወጥም።

ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን በዲናሞው አካል ላይ፣ እጀታውን በጆሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥ የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ጫፉ በሚያርፍበት ቦታ የኩሽኔታው መፋተግ ጎልቶ ይሰማል። ስህተቱ ያለው በአደራረጉ ላይ ነው። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌና ያልታሰረ ፀጉር ከሚዞር ቺንጋ አጠገብ ሊቀርቡ አይገባም፤ ካቻቢቴውም የሚያርፈው በማይንቀሳቀስ አካል ላይ ብቻ ነው። የራዲያተሩ ፋን በአንዳንድ መኪኖች ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሳ ስለሚችል እጅ ከመስደድ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ መፍታት ተገቢ ነው።

ጥርጣሬው ወደ ውጭ ዕቃዎች ካመዘነ ቺንጋውን ፈትቶ ሞተሩን ማስነሳት ክርክሩን ይቋጫል፦ ድምፁ ከጠፋ ምንጩ ቺንጋው ከሚያዞራቸው አንዱ ነው፤ ካልጠፋ ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው ነው። በዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይፈጸማል። የመጀመሪያው ሞተሩን ማቆየት ነው፤ በብዙ መኪኖች የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ስለሆነ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ማሠራት አያስፈልግም። ሁለተኛው፣ ከውጭ የሚታየውን ቺንጋ ቫልቮቹን ከሚያንቀሳቅሰው የታይሚንግ ቺንጋ ጋር ማምታታት ነው፤ የታይሚንጉ ተፈትቶ ሞተር ከተነሳ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። ቺንጋው በወረደበት አጋጣሚ እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ ማዞርና ወደ ጎን መወዝወዝ ይገባል። ጤናማው ለስላሳ ነው፤ የተጎዳው ሻካራ ሆኖ ይሰማል ወይም ይንቀሳቀሳል።

ምንጩ ከታወቀ በኋላም ሙሉውን ዕቃ ለመቀየር መቸኮል አይገባም። ዲናሞው ከፊትና ከኋላ ሁለት ኩሽኔታዎች ያሉት ሲሆን፣ ቮልቱ ደህና ከሆነ እነርሱን ብቻ መለወጥ ይበቃል፤ ሁለቱም አንድ ላይ ቢለወጡ ይመረጣል፤ አንዱ ከደከመ ሌላው ያን ያህል አይርቅምና። ኩሽኔታው ጎኑ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ለምሳሌ 6203 የሚለው ውስጡ 17፣ ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ባለቤቱ ቁጥሩን በቃል ከመንገር ይልቅ አሮጌውን ይዞ ወደ ሱቅ ይሂድ፤ አዲሱ በሁለቱም ጎን የጎማ ሽፋን ያለው መሆኑን ይይ፤ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊትም በጣቱ አዙሮ ያለ ሻካራነት መዞሩን ያረጋግጥ።