ኮዳችሁ ሌላ ሰርቨር ሲጠራ ታይምአውት (የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ) አትርሱ

ማታ አስነስቼው የተኛሁት ስክሪፕት ጠዋት ሳየው እዚያው ተገትሮ አገኘሁት። ኤረር የለ፣ ሎጉ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለ። ለካ ሌሊቱን ሙሉ የአንድ ኤፒአይ (ኮዳችን የሌላ ሰርቨር አገልግሎት የሚጠራበት በር) መልስ እየጠበቀ ነበር!

ጥፋቱ የእኔው ነው። ሰርቨር የምንጠራበት የፓይተኑ ሪኩዌስትስ ላይብረሪ ታይምአውት ካልሰጣችሁት በራሱ ጠብቆ አይቆርጥም። ሰርቨሩ ግንኙነቱን ከፍቶ ዝም ካለ፣ ኮዳችሁም አብሮ ዝም ነው። ስለዚህ ጥሪው ላይ ታይምአውት 10 ብላችሁ ጨምሩ። በቃ። ግን ልብ በሉ፣ ይህ 10 ሴኮንድ ለጠቅላላው ጥሪ አይደለም። ለመገናኘትና በመሃል ዳታ ሲቋረጥ ለመጠበቅ ነው። ትልቅ ፋይል ስታወርዱ ጥሪው ከዚያ በላይ ቢቆይ አይግረማችሁ።

ታይምአውቱ ሲደርስ ደግሞ ወዲያው እየደጋገሙ መጥራት የደከመን ሰርቨር መርገጥ ነው። 1 ሴኮንድ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4 እያላችሁ ጠብቁ። ትንሽ የዘፈቀደ ቁጥርም ጣል አድርጉበት፣ አለዚያ ሁሉም ደንበኛ በአንዴ ግር ብሎ ይመለሳል። 429 የሚል ኮድ (ሰርቨሩ «ጥሪ አበዛችሁ» ሲል) ከመጣ፣ ከመልሱ ጋር የሚመጣውን ሪትራይ አፍተር የሚባል ሄደር እዩ፤ ካለ፣ ስንት እንደምትጠብቁ እሱ ይነግራችኋል።

ክፍያ የሚልክ ጥሪን ግን በጭፍን አትድገሙ። መልሱ አልመጣም ማለት ገንዘቡ አልተቆረጠም ማለት አይደለም። አገልግሎቱ አይደምፖተንሲ ኪይ (ጥሪው ቢደገምም ሥራው ሁለቴ እንዳይፈጸም የሚያደርግ መለያ ቁልፍ) የሚቀበል ከሆነ፣ ለአንዱ ክፍያ አንድ ቁልፍ ፍጠሩና ስትደግሙም ያንኑ ላኩ። አዲስ ቁልፍ ከፈጠራችሁማ ደንበኛው ሁለቴ ሊከፍል ይችላል።