የ«በቀል»ን ሥር እንዴት እንደምትፈልጉ

መጀመሪያ ጆሯችሁን አትመኑ። ባሕር ዳር፣ እናቴ ቤት፣ የተነከረው ገብስ ነጭ ጭራውን ሲያወጣ «በቀለ» እንላለን፤ ደርቆ ብቅል፣ ከዚያም ጠላ ይሆናል። ስለዚህ በቀል ማለት «የበቀለ ቂም» ይመስለኝ ነበር፤ ለዓመታት።

ግዕዙን እዩት፦ ለቡቃያው «በቈለ»፣ ደም ለሚመልሰው «ተበቀለ»። አማርኛ «ቈ»ን «ቀ» ሲያደርገው ሁለቱ ተመሳሰሉ። ይህን ሳውቅ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ቀጥሎ ዳዊት ግለጡ፤ መዝሙር 93 «አምላከ በቀል» ይላል። እዚያ ቃሉ የፍርድ እንጂ የንዴት አይደለም።

ከዚያ ጣና ዳር ያሉ አዛውንት ዘንድ ቡና ይዛችሁ ሂዱ። ስለ «ደመኛ» ጠይቁ፤ ስለ «ደም አድራቂ» ሽማግሌም፣ ካሳ ቆርጦ ስለሚያስታርቀው። ሲያወሩ አታቋርጧቸው።