ሴሚ ሆሎው ጊታር በአቅማችሁ ለመግዛት፦ ከእንጨቱ በፊት ጃኩን እዩ

ሴሚ ሆሎው የሚባለው ኤሌክትሪክ ጊታር ሆዱ ግማሹ ክፍት፣ ግማሹ ድፍን ነው። ፊቱ ላይ እንደ ቫዮሊን የኤፍ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። በቀዳዳው አጮልቃችሁ ስታዩ ከአንገቱ ሥር እስከ ታችኛው ጫፍ መሃል ለመሃል የተጋደመ ወፍራም እንጨት ታገኛላችሁ። ያ እንጨት በምክንያት የገባ ነው። ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑት የድሮ ጊታሮች አምፕሊፋየሩ ከፍ ሲል ሆዳቸው አብሮ እየተርገበገበ ይጮሁ ነበር። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1958 ኢኤስ 335 የተባለውን ጊታር ሲያወጣ ያንን ጩኸት የገታው በዚህ የመሃል እንጨት ነው፤ የክፍቱ ጊታር ለስላሳ ድምፅም አብሮ ተረፈ።

እኔ በዚህ ጊታር ፍቅር የወደቅኩት ትዝታ ስጫወትበት ነው። ኖታው ሲነካ ክብ ብሎ ይወጣል፣ ሳይንዛዛ ይከስማል፣ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል። ክራር ሰምቶ ላደገ ጆሮ ቶሎ ይገባል።

የትኛውን ልፈልግ?

ጊብሰኑ ከ3000 ዶላር በላይ ስለሆነ እንተወው። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1957 የገዛው ኤፒፎን ያንኑ ቅርጽ በርካሽ ይሠራል። አይባኔዝ በአርትኮር ምድቡ ኤኤስ 73ን፣ ስኳየር ደግሞ ስታርካስተርን ያቀርባሉ። አሜሪካ ውስጥ አዲሶቹ እንደየዓይነታቸው ከ300 እስከ 700 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ፤ ያገለገለ ከዚያ ይወርዳል። ምረጥ ብትሉኝ ያገለገለ ኤኤስ 73 እወስዳለሁ፤ አንገቱ ለእጄ ይመቻል፣ ሲሸጥም ገዢ አያጣም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ኤፒፎን ካዚኖ የሚባለው ከሩቅ ሲታይ ቁርጥ ኢኤስ 335 ነው፤ ውስጡ ግን ያ የመሃል እንጨት የለም። በጣም የሚያምር ጊታር ነው፤ ከከበሮና ከቤዝ ጋር ጮክ ብሎ ለሚጫወት ሰው ግን መከራ ነው። ስለዚህ የስልካችሁን መብራት በቀዳዳው አስገብታችሁ ውስጡን እዩ። መብራቱ ሳይከለከል ወደ ሌላኛው ጎን ካለፈ ሴሚ ሆሎው አይደለም።

«ይሄማ ኮምፔርሳቶ ነው» ብሎ የሚያጣጥል አይጠፋም። አዎ፣ ኮምፔርሳቶ ነው። የኢኤስ 335ም ፊትና ጀርባ በስስ የሜፕልና የፖፕላር እንጨት ንጣፎች ተደራርቦ የተጣበቀ ነው፤ ተጣብቆ የተሠራ እንጨት ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ቅርጹንም ይይዛል። ርካሹን ከውዱ የሚለየው በዋናነት እንጨቱ አይደለም። ፋብሪካው ገንዘብ የሚቆጥበው የማይታየው ቦታ ላይ ነው፦ የቮሊዩምና የቶን ቁልፎቹ ሥር ያለው ዕቃ፣ የፒካፕ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ ድምፃቸውን የሚቀበለው ማግኔት) መቀያየሪያው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገመዱ የሚሰካበት ጃክ። ድፍን ጊታር ላይ ቢሆን ከጀርባ ያለውን ክዳን በአራት ብሎን ፈትቶ ማስተካከል ነው። ሴሚ ሆሎው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክዳን የለም። ያለው በር የኤፍ ቀዳዳው ብቻ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

የራሳችሁን ጤነኛ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩ ገመድ ከሆነ የተንኮሻኮሸው ገመዱ ይሁን ጊታሩ መለየት አትችሉም።

መጀመሪያ የጊታሩን ራስ ከጀርባው እዩ። ራሱ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ፣ ቀለም የተቀባም ቢሆን፣ ወድቆ ተሰብሮ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል። ተውት። ቀጥሎ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩ፤ የተጠማዘዘ ከሆነ እሱንም ተውት።

አሁን ገመዱን ሰኩ። ጥፍራችሁን ወይም ቀጭን ካቻቢቴ ይዛችሁ ፒካፖቹን ቀስ ብላችሁ ኳ ኳ አድርጉ፤ መቀያየሪያው ወደ ላይ ሲሆን የአንገቱ ፒካፕ፣ ወደ ታች ሲሆን የብሪጁ (ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚያርፉበት ብረት)፣ መሃል ላይ ሁለቱም መሰማት አለባቸው። አራቱንም ቁልፎች ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ። ትንሽ መንኮሻኮሽ የአቧራ ሊሆን ስለሚችል ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዙሩትና እንደገና ሞክሩ። ከጠራ መልካም ነው። ካልጠራ የጥገናውን ዋጋ ከሒሳቡ ላይ አስቀንሱ። በመጨረሻ ገመዱ የሚገባበትን ቦታ ያዝ አድርጋችሁ ወዝውዙት። ድምፁ ከተቆራረጠ ወይም ጃኩ ራሱ ከተሽከረከረ ቀጣዩን በደንብ አንብቡ።

የላላ ጃክ

የመጀመሪያዬን ሴሚ ሆሎው የገዛሁት እዚሁ አዲስ አበባ ከአንድ ሰው እጅ ነበር። «ጃኩ ትንሽ ላላ ብሏል እንጂ ሌላ እንከን የለውም፤ ዳዶውን ጠበቅ ማድረግ ብቻ ነው» አለኝ። አመንኩት። ቤት ገብቼ በፒንሳ ዳዶውን አጠበቅኩ። ጃኩ ከውስጥ የሚይዘው ስላልነበረ ከዳዶው ጋር አብሮ ዞረ፤ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተጠማዘዙና አንዱ ተበጠሰ። ዳዶውን መልሼ ስፈታ ደግሞ ጃኩ ሆዱ ውስጥ ወደቀ። በማግስቱ የጓደኛዬ እህት ሰርግ ነበረ፤ በተዋስኩት ጊታር ተጫወትኩ። የእኔን ሥራ ላይ ለመመለስ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ እንደሚከተለው አድርጉ።

ጃኩ ከላላ፣ ግን ገና ከቦታው ካልወጣ፣ ዳዶውን ብቻውን አታዙሩ። ጫፉ እየቀጠነ የሄደ እንጨት፣ ለምሳሌ የተቀረጸ እርሳስ፣ ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ አጥብቃችሁ ሰኩ። በአንድ እጃችሁ እርሳሱን እንዳይዞር ያዙ፣ በሌላው ዳዶውን በልኩ መፍቻ አጥብቁ። ፒንሳ አትጠቀሙ፤ ዳዶውን ያበላሻል፣ ካመለጠም ቀለሙን ይፍቃል። አልፎ አልፎ እርሳሱን ለቀቅ አድርጋችሁ ጃኩ እየዞረ አለመሆኑን በመብራት አረጋግጡ።

ከወደቀ ግን በጣት ለመመለስ አትታገሉ። ፋርማሲ ሄዳችሁ የግሉኮስ ቱቦ ግዙ። ሮንዴላውንና ዳዶውን አስቀድማችሁ ቱቦው ላይ አጥልቁ፤ ይህን ከረሳችሁ ሥራውን እንደገና ትጀምሩታላችሁ። ከዚያ የቱቦውን ጫፍ ከውጭ በጃኩ ቦታ አስገብታችሁ በሆዱ በኩል በኤፍ ቀዳዳው አውጡት። የወጣው ጫፍ ላይ ናስትሮ እየጠቀለላችሁ አወፍሩት፤ የጃኩ አፍ ውስጥ ሲገባ ጠበቅ ማለት አለበት። ጃኩንም በኤፍ ቀዳዳው ቀስ ብላችሁ አውጡና፣ የተበጠሰ ሽቦ ካለ አሁን በስታኞ አስበይዱ። ፊቱ ላይ የስታኞ ጠብታ እንዳያርፍ ወፍራም ጨርቅ አልብሱት። ሁለት ሽቦ ነው ያለው፤ አንዱ ድምፁን ይዞ የሚመጣው፣ አንዱ መሬቱ (ግራውንድ የሚባለው)። ቦታቸው እንዳይምታታ ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ።

አሁን ቱቦውን ጃኩ አፍ ላይ ሰክታችሁ ከውጭ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ጃኩ ቱቦውን ተከትሎ ይመጣና ጥርሱ በቀዳዳው ብቅ ይላል። ቱቦውን ሳትነቅሉ ሮንዴላውንና ዳዶውን ወደ ታች አንሸራትታችሁ በእጅ አስይዙ። ከዚያ ቱቦውን ነቅላችሁ በእርሳሱ ዘዴ አጥብቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በእጅ መፈለግ ግን ቀን ሙሉ ያስፈልገዋል።

የቮሊዩም ቁልፎቹን ወይም መቀያየሪያውን መለወጥ ካስፈለገም ዘዴው ያው ነው፤ እያንዳንዱ ከመውጣቱ በፊት ዘንጉ ላይ ጠንካራ ክር እሰሩ። አራት ቁልፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሆነ ግን ለባለሙያ ስጡት።

ከውጭ የሚመጣ ከሆነ

ሁለተኛውን ጊታሬን ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው ያመጣልኝ። ሻጩ ቤት ሆኖ በቪዲዮ ደወለልኝ። ጊታር አይጫወትም፤ ስለዚህ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አስደረግኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ሰውዬው እየጠበቀኝ ነው» አለኝ።

«ይቅርታ ጠይቅልኝ። ገመዱን አንዴ ወዝውዘው፣ ድምፁን ልስማው።»

ጃኩ ደህና ነበር። ገዛነው።

ለጉዞ ጠንካራ መያዣ ይኑረው። ክሮቹን ሙሉ በሙሉ ሳትፈቱ አላሉ፤ ከራሱ ሥርና ከጎንና ጎኑ ያለውን ክፍተት በካልሲና በልብስ ሙሉት፣ ምክንያቱም የሚሰበረው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ መያዣው ሳይከፈት አንድ ቀን ይቆይ።

አምፕሊፋየር ግን ከአሜሪካ አታስመጡ። የእነሱ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ስትሰኩት ሊቃጠል ይችላል። ለቤት ትንሽ በባትሪ የሚሠራ አምፕ ይበቃል። ስትጫወቱ ክሩ ጣታችሁን የሚነዝር ከሆነ ወዲያው ንቀሉ፤ የቤቱ መስመር ወይም አምፑ ችግር አለበት ማለት ነው፣ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አትመለሱበት።

ማስተካከል

ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ። ሁሉንም በአንዴ ካወጣችሁ ብሪጁና የክሩ መያዣ የሚይዛቸው ስለሌለ ወድቀው ፊቱን ይጭራሉ።

የአንገቱን ቅስት ለማየት ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ አግድም የተተከለው ቀጭን ብረት) እና አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑ። ሰባተኛው አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ስስ ካርድ የሚያስገባ ክፍተት በቂ ነው። ከሰፋ አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁ፣ ቃኙት፣ በማግስቱ እንደገና እዩ። በጋና ክረምት ሲፈራረቁ እንጨቱ ስለሚንቀሳቀስ ይህ በዓመት ሁለቴ ያስፈልጋል።

ከዚያ ኢንቶኔሽኑ፣ ማለትም ጊታሩ አንገቱ ላይ ሁሉ ቅኝቱን መጠበቁ። ክሩን አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ የምታገኙት ድምፅ እዚያው ላይ ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ ከምታገኙት ሃርሞኒክ ከበለጠ፣ ብሪጁ ላይ ያለውን የክሩን መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ካነሰ ወደ ፊት አምጡት። ይህን የማይዘልል ሰው አንቺ ሆዬ ሲጫወት ይታወቃል። ቅኝቱ ውስጥ ዶና ሬ ቢሞል፣ ፋና ሶል ቢሞል በግማሽ ድምፅ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ትንሽ መዛባት እንኳ ወዲያው ይሰማል።

መጫወት

ለትዝታ የአንገቱን ፒካፕ ምረጡ፣ ቶኑን እስከ ግማሽ ቀንሱ፣ አምፑ ላይ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረውን) አትጨምሩ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላን አንድ አንድ እያላችሁ፣ በጣት ሥጋ እንጂ በፒክ ሳይሆን ንኩ። ለጭፈራ ዘፈን ደግሞ መቀያየሪያውን መሃል ላይ አድርጉና ፒኩን ያዙ። ከባንድ ጋር ስትቆሙ ሆዱን ወደ አምፑ አታዙሩ፤ ጎን ለጎን ሁኑ። ጩኸት ከጀመረ ቮሊዩሙን ከጊታሩ ላይ ትንሽ ዝቅ አድርጉ።

እኔ ግን ብዙውን ጊዜ የምጫወተው ያለ አምፕ ነው። ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ወይም መብራት ሲጠፋ ሶፋው ላይ ተቀምጬ አነሳዋለሁ። ሆዱ ክፍት ስለሆነ ለእኔ በደንብ ይሰማኛል፤ ግድግዳውን ተሻግሮ ጎረቤት ጋ አይደርስም።