ለኢንተርኖች፦ የመጀመሪያ ሪሰርቻችሁን ከዋርዳችሁ ጀምሩ

ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) እያለሁ “ሪሰርች” ሲባል ፊቴ ይጠቁር ነበር። ዱቲ አድሬ፣ እግሬ አብጦ፣ ደግሞ ጥናት? ሐሳቤን ያስቀየረኝ የማዋለጃ ክፍል ካርድ ነው።

ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ራውንድ ላይ ደጋግሞ የሚያናድዳችሁን ነገር ያዙ። እኔን ያናደደኝ ባዶ ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ) ነበር። የፅንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ የማህፀን በር አከፋፈት በየ4 ሰዓቱ ይመዘገባል። ይህንን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም እመልሳለሁ። ግን በእውነት ይሞላል? አንድ ዋርድ፣ ሦስት ወር፣ አንድ ጥያቄ። “የእናቶች ጤና በኢትዮጵያ” ብላችሁ ከጀመራችሁ ኢንተርንሺፑ ያልቃል፣ ጥናቱ አያልቅም።

ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያየው ማንም ሊያየው የሚችል ነገር ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። እሱ “ለምን ሞቱ?” አለ።

ፕሮፖዛሉን ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ቶሎ አስገቡ፤ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ያለ ፈቃድ አንድ ካርድ እንዳትከፍቱ። ስም አትገልብጡ፣ የራሳችሁን ኮድ ስጡ። የካርድ ክፍል ሠራተኞችን ደግሞ ቡና ጋብዟቸው። የምሬን ነው።

ናሙና ላይ ትንሽ ልቆይ። የሀገራችንን የመመረቂያ ጽሑፎች ስታገላብጡ 423 የሚባል የናሙና ቁጥር ደጋግሞ ያጋጥማችኋል። ምትሃት የለውም። የችግሩ መጠን ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይያዛል። በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ሲሰላ 384 ይመጣል። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 423። እናንተ ግን የምታገላብጡት ካርድ ነው። ካርድ እምቢ አይልም፤ ይጠፋል እንጂ! ስለዚህ ቁጥሩን ከሲኒየር ፕሮፖዛል ከመገልበጣችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁ። እኔ ይህን ከተማርኩ ወዲህ “አዲስ ጥናት እንዲህ ይላል” ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው “በስንት ሰው ላይ? እንዴት ተመረጡ?” ብዬ ነው። መድኃኒት ሻጮች አይወዱኝም።

ዳታ ስሰበስብ አንዱን ባዶ ፓርቶግራፍ ገልጬ ፊርማውን ሳይ የራሴ ነው። ላቤ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርድ ስጽፍ ነገ የሚያነበው ሰው ይታየኛል።

ውጤቱን ሼልፍ ላይ አትቅበሩት፤ ለዋርዱ መልሱ። እኔ ሞርኒንግ (የጠዋት ስብሰባ) ላይ በኩራት አቀረብኩ። አንዲት አንጋፋ አዋላጅ እጇን አወጣች። “ዶክተርዬ፣ ሌሊት ሁለት ሆነን ስድስት እናት ስናዋልድ ማን ይሙላው?”

የሠራተኛ ቁጥር የሚል ዓምድ መጠይቄ ላይ አልነበረም። እናንተ ቅጹን ከማዘጋጀታችሁ በፊት ሲስተሮቹን ጠይቁ።