ሳይክል በኮንዶሚኒየም ቤት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ሶፋው፣ ፍሪጁና የውሃ በርሜሉ ከገቡ በኋላ የቀረችው ቦታ ሰው ዞር የሚልባት ያህል ናት። እዚያች ላይ ነው 26 ቁጥር ሳይክል ይዤ የገባሁት። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ዝምታዋን ግን አውቀዋለሁ።

ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ደረጃ ላይ ማሰር

መጀመሪያ ለሁላችንም የሚመጣልን ሐሳብ ይሄ ነው፤ የደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ ቆልፎ መግባት። በሳምንቱ አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ከገበያ ዘንቢል ይዘው ሲወጡ ነጠላቸውን ፔዳሉ ያዘው። "ልጄ፣ ይቺን ብረትህን አንሣልኝ እንጂ! አንገቴን ልትሰብረው ነው እንዴ?" አሉኝ። ምን መልስ አለኝ? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ አዋጅም ቢሆን ደረጃና ኮሪደር የሁሉም መጠቀሚያ ነው የሚለው። እሳት ቢነሣ ደግሞ መውጫችን ያው ደረጃ ነው። ሌላም አለ፤ ኮርቻውና የፊት ጎማው ያለ መፍቻ በእጅ የሚፈቱ ከሆነ ቁልፉ የሚጠብቅላችሁ አፅሙን ብቻ ነው።

ያገኙት ግድግዳ ላይ መስቀል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

ትራፓኖ ተዋስኩና ሶፋው አጠገብ ያለውን ግድግዳ በሳሁ። ልስኑን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ትራፓኖው ዘው አለ። "እንዴት ቀላል ነው!" ብዬ ደስ አለኝ። ዘው ያለው ለካ የብሎኬቱ ሆድ ባዶ ስለሆነ ነው። ፊሸሩን (ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ) ከትቼ ብሎኑን ሳጠብቅ አብሮ ይዞር ነበር፤ እሱንም ናቅሁት። ሳይክሉ 11 ቀን ተሰቀለ። በ12ኛው ሌሊት መንጠቆው ልስኑን ይዞ ወረደ። ከሥሩ የነበረው ረከቦቱ ነው። ከ12 ሲኒ የተረፉት 3 ናቸው። ሲኒዎቹን የሰጡን አማቴ ናቸው።

የኮንዶሚኒየም ማካፈያ ግድግዳ ባብዛኛው ባዶ ብሎኬት ነው። 15 ኪሎ ሳይክል ውሃ ከሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀላል፤ ክብደቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም። ግን መንጠቆው ከግድግዳው ወጣ ስለሚል ሸክሙ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ይጎትታል። ፊሸር ደግሞ የሚይዘው ዙሪያውን የሚጨብጠው ነገር ሲያገኝ ነው።

ስለዚህ ኮለን፣ ማለትም የሕንጻውን የአርማታ ምሰሶ፣ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የቤቱ ማዕዘን ላይ ነው። በጣታችሁ አጥንት ኳ ኳ አድርጉት፤ ብሎኬቱ እንደ ባዶ ጣሳ ያስተጋባል፣ ኮለኑ ግን ድፍን ድምፅ ነው ያለው። ስትበሱ ትራፓኖው ፌሮ ካገኘ አትታገሉ፣ ጥቂት ሳንቲሜትር ፈቀቅ በሉ። ከማብሪያና ከሶኬት በላይ ወይም በታች ቀጥ ብላችሁ እንዳትበሱ፤ የመብራቱ ገመድ የሚያልፈው በዚያው መስመር ነው።

ተከራይ ከሆናችሁ ወይም ኮለኑ የማይመች ቦታ ላይ ከዋለ ግድግዳውን ተዉት። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ከቱቦላሬ ማቆሚያ አሠሩ፤ ሳይክሉን በኋላ ጎማው አቁሞ የሚይዝ። እግሩን ሰፋ አድርገው እንዲሠሩት ንገሯቸው፣ አለዚያ እሱም ይወድቃል። ፍሬናችሁ የዘይት ከሆነ፣ ቆሞ ካደረ በኋላ ከመንዳታችሁ በፊት ጥቂት ጊዜ ጨበጥ ጨበጥ አድርጉት።

ከነጭቃው ማስገባት፣ ይባስ ብሎ በላስቲክ መሸፈን

ክረምት ላይ የዳር ከተማ ጥቁር ጭቃ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አልነግረውም። ጎማና ፍሬን መሃል ገብቶ ሲደርቅ ሸክላ ነው። ላስቲክ ስትደርቡበት እርጥበቱን ስለሚያፍነው ካቴናው ቶሎ ይዝጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሳይክል በውሃ ጎማ ማጠብ ቅንጦት ነው፤ ግን ግማሽ ባልዲ ውሃ፣ ጨርቅና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ታች ደጅ ላይ አራግፉት፣ ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉበትና ትርፉን አብሱት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ። አቧራ ይሰበስባል፣ ሴራሚኩ ላይም ይንጠባጠባል።

በረንዳ ላይ መተው

የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐዩ ቀልድ አያውቅም። ጎማውን ይሰነጣጥቀዋል፣ ኮርቻውን ያደርቀዋል። ሌላ ቦታ ከሌለ ወፍራም ጨርቅ አልብሱት።

ባትሪውን በር ሥር ቻርጅ ማድረግ

የኤሌክትሪክ ሳይክል ላላችሁ ነው። በር አጠገብ ሶኬት ስላለ እዚያው ሰክቶ መተኛት የተለመደ ነው። የሊቲየም ባትሪ እሳት ከያዘ ግን በፍጥነት ነው የሚቀጣጠለው፤ ቤታችን ደግሞ በሩ አንድ ነው። ነቅታችሁ እያለ፣ ከበሩ ራቅ አድርጋችሁ፣ በራሱ ቻርጀር ቻርጅ አድርጉ። ያበጠ ወይም የወደቀ ባትሪ አትሰኩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ፣ ሲጠፋ ንቀሉት። ለሳምንታት የማትነዱት ከሆነ ግማሽ አካባቢ ሞልታችሁ አስቀምጡት።

ለማውጣት የሚያስቸግር ቦታ መደበቅ

ከሲኒው አደጋ በኋላ ሳይክሉን አልጋና ቁም ሣጥን መሃል ሸጉጬው ነበር። ቤቱ አማረ። እኔ ግን ለአንድ ወር ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ፤ ጠዋት ያንን ሁሉ ዕቃ ማን ያነሣል? ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ እንቅልፋችሁ ሳይለቃችሁ፣ አንድ ጊዜ አውጥታችሁ ሞክሩት። መሪው ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ስለሚሰፋ በሩ ላይ የሚጋጨው እሱ ነው።

የእኔው አሁን ከበሩ ጀርባ ኮለኑ ላይ ተሰቅሏል። ረከቦቱ ወደ ማዶ ተሻግሯል። አማቴ ሲመጡ ግን አሁንም መጀመሪያ የሚያዩት መንጠቆውን ነው።