ከአቦል እስከ በረካ፦ ዊንዶውን እንዳለ ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር

የጎረቤታችን መምህር ላፕቶፓቸውን አብርተው ፊቱ ቁጭ ብለው አያውቁም። ያበሩትና ይወጣሉ። ደጅ ካገኙት ሰው ጋር አውርተው፣ ቡናው ጋ ደርሰው፣ አቦሉን ጠጥተው ሲመለሱ ያቺ ክብ ነገር ገና ትሽከረከራለች። አንድ ቀን «ይሄን ሸጬ፣ ትንሽ ጨምሬ ሌላ ልግዛ መሰለኝ» አሉኝ። ወስጄ አየሁት። ኮር አይ 5 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ስክሪኑም ንጹህ። «አብሽሩ ጋሼ፣ ላፕቶፑ ምንም አልሆነም፤ የደከመው ዲስኩ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ዘመድ ሁሉ ላፕቶፑን ይዞ ቤታችን ይመጣል። ስለዚህ የደከመውን ዲስክ በኤስኤስዲ፣ ማለትም በአዲሱ ፈጣን የዲስክ ዓይነት፣ እንዴት እንደምንቀይረው አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

መጀመሪያ ጥፋቱ እውነት የዲስኩ መሆኑን እዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ግቡና ዲስክ የሚለውን ንኩ። እዚያው ኤችዲዲ (የድሮው ሃርድ ዲስክ) ወይም ኤስኤስዲ ብሎ ይነግራችኋል። ኤችዲዲ ካለና ምንም ሳትከፍቱ መቶ በመቶ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ዲስኮች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራሉ፣ ከላዩ ደግሞ እንደ ድሮ ሸክላ ማጫወቻ ያለ ክንድ ወዲያ ወዲህ እየሮጠ ያነባል። አንድ ትልቅ ፊልም ሲያነብ አይከፋም፣ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት አካባቢ ይሰጣል። ዊንዶው ሲነሳ ግን የሚፈለጉት በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው፣ እነሱም እዚህም እዚያም ተበትነዋል፣ ስለዚህ ክንዱ ሲሮጥ ይውላል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሳታ በሚባለው በድሮው የዲስክ መሰኪያ የሚሠራው ተራው ኤስኤስዲ እንኳ በሰከንድ 500 ሜጋ ባይት ገደማ ያነባል፤ ትናንሽ ፋይሎች ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ማስነሻው ይፈጥናል፣ ክሮም ላይ ሃያ ገጽ ከፍታችሁ ግን ተአምር አትጠብቁ።

ሰው ብዙ የሚሳሳተው ግዢ ላይ ነው። የድሮ ላፕቶፕ ከሆነ የሚገባለት 2.5 ኢንች የሚባለው፣ እንደ ስስ የካርታ መጫወቻ ፓኬት ያለው የሳታ ኤስኤስዲ ነው። አዳዲሶቹ ደግሞ ኤም ነጥብ 2 የሚባል እንደ ማስቲካ ቀጭን ነገር ይቀበላሉ። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሳታ፣ ሌላው ከእሱ የሚፈጥነው ኤንቪኤምኢ። ሁለቱ ቅርጻቸው ስለሚመሳሰል ባለሱቁም ሊሳሳት ይችላል። የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ከሆዱ ላይ ፎቶ አንሱና የትኛውን እንደሚቀበል ኢንተርኔት ላይ አጣርታችሁ ሂዱ። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚላክላችሁ ከሆነማ ይሄን ማጣራት የግድ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ መልሶ መላክ ቀልድ አይደለም።

መጠኑን በተመለከተ 120 ጊጋ አትግዙ። ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን በወሩ ይሞላና ትናደዳላችሁ። 256 ጊጋ የሚለው ዊንዶው ላይ 238 ሆኖ ነው የሚታየው፣ ማንም አልሰረቃችሁም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። አሁን ሲ ድራይቭ ላይ ስንት እንደተያዘ ተመልከቱና ቢያንስ 50 ጊጋ ትርፍ የሚሰጣችሁን ውሰዱ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይ ብር እንደማይቆጥር አስቡ። የኤስኤስዲ ጥርስ የሚታየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት እንደተጻፈበት፣ ጤናው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሻጩ «ይሄ ምን ያስፈልጋል» ካለ መልሱን አገኛችሁ። በዚያው የድሮውን ዲስካችሁንም እዩት። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ዲስኩ ሊሞት ነው፤ ሌላውን ሁሉ ተዉና ሰነዶቻችሁንና ፎቶዎቻችሁን ዛሬውኑ ገልብጡ።

2.5 ኢንቹን ከገዛችሁ፣ ከኤስኤስዲው ጋር ሳታን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ወይም ኬዝ ያስፈልጋል። የዩኤስቢ 3ቱን ውሰዱ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። በዩኤስቢ 2 ከሆነ 100 ጊጋ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ገደማ ትጠብቃላችሁ። ኬዙ የሚባክን ወጪ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ ለሌላ ሥራ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ሥራው። አዲስ ዊንዶው ከዜሮ መጫንም ይቻላል፣ ላፕቶፑ በቫይረስ የተጨማለቀ ከሆነ እንዲያውም እሱ ይሻላል። ግን መምህሩ የፈተና ወረቀታቸው፣ የአማርኛ ፎንታቸው፣ ፕሪንተራቸው፣ ሁሉም እንደነበረ እንዲሆን ነው የፈለጉት። ለዚህ ክሎን ማድረግ ነው መፍትሔው፤ ያለው ሁሉ እንዳለ ወደ አዲሱ ይገለበጣል።

ክሎን ከማድረጋችሁ በፊት ዋና ዋና ፋይሎችን ፍላሽ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። ይሄን ስጽፍ «እሺ እሺ» ብላችሁ እንደምትዘሉት አውቃለሁ። እኔም ዘልዬው ነበር። የመጀመሪያዬ ጊዜ ፕሮግራሙ ምንጩ የትኛው፣ መድረሻው የትኛው ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ ደግሞ በችኮላ ገለበጥኩት። ባዶው ዲስክ ሙሉው ላይ ተገለበጠ። የአራት ዓመት ፎቶ፣ የእህቴ ሠርግ ጭምር፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ውሃ በላው። እህቴ እስካሁን ሠርጓ በተነሳ ቁጥር ዞር ብላ ታየኛለች።

ስለዚህ ቀስቱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ሦስት ጊዜ እዩ። ምንጩ የድሮው ነው፣ መድረሻው አዲሱ። ስማቸውን ብቻ አትመኑ፣ መጠናቸውን አስተያዩ፦ 465 ጊጋ የሚለው የድሮው 500ው ነው፣ 238 የሚለው አዲሱ። መጠናቸው እኩል ከሆነ ምንጩ ውስጥ ዊንዶውና ፋይል አለ፣ መድረሻው ባዶ ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አቁሙ።

ፕሮግራሙን በተመለከተ የሳምሰንግ ኤስኤስዲ ከገዛችሁ ሳምሰንግ የራሱን በነጻ ይሰጣል፤ ክሩሻልና ዌስተርን ዲጂታልም ለደንበኞቻቸው አክሮኒስ የሚባለውን ፕሮግራም ይሰጣሉ። ሌላ ዓይነት ከሆነ ማክሪየም ሪፍሌክት ጥሩ ነው። ነጻው ዕትም በ2024 ቀርቷል፣ የ30 ቀን ሙከራ ግን አለው፣ ክሎን ማድረግ እንደሚፈቅድ አይታችሁ ጀምሩ። ክሎንዚላም አለ፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፣ ግን በጽሑፍ ዝርዝር ብቻ ነው የሚሠራው፣ አዲሱ ዲስክ ከድሮው ካነሰ ደግሞ ያስቸግራል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ከመጀመራችሁ በፊት ቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶው መከላከያ፣ መብራት አለመብራቱን እዩ። በርቶ ከሆነ አጥፉትና ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቁ። ላፕቶፑ እንቅልፍ እንዳይወስደውም ስሊፕ የሚለውን ኔቨር አድርጉ። ከዚያ ፕሮግራሙን ከፍታችሁ የድሮውን ዲስክ ሙሉውን ምረጡ። ሲ ድራይቭን ብቻ አይደለም። ፊቱ ያለችው 100 ሜጋ ገደማ የሆነች ትንሽ ክፍል አትረባም ብሎ የሚተዋት ሰው አለ፣ ዊንዶው የሚነሳው ግን በእሷ ነው። አዲሱ ዲስክ ካነሰ ሲ ድራይቭን ዊንዶው ውስጥ ባለው ዲስክ ማኔጅመንት ማሳነስ ይቻላል፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ግን ራሳቸው ያስተካክሉታል።

ጀምሩና ቡና አፍሉ። የምሬን ነው። አቦል ላይ ስትጀምሩ ቶና ላይ ግማሽ ይደርሳል፣ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ በረካ ላይ ያልቃል። መምህሩ ቤት እንዲያ ነበር የሆነው፣ እሳቸውም በየመሃሉ «ስንት ደረሰ?» ይላሉ። መብራት ቢሄድስ? ባትሪው የሚሠራ ከሆነ አያገባችሁም። ባትሪው የሞተ ከሆነ ይቋረጣል፣ ግን አብሽሩ፤ የድሮው ዲስክ እየተነበበ እንጂ እየተጻፈበት ስላልነበረ ምንም አይሆንም። መብራት ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው።

ሲያልቅ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው በውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ውስጥ ከሆነ ሽፋኑን ስትከፍቱ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። የደሴ ብርድ ሆኖባችሁ ብርድ ልብስ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ሹራብ ለብሳችሁ እንዳትፈቱት፤ ሱፍና ናይለን ሲፋተግ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ዕቃ ያቃጥላል። ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ እጃችሁን ብረት አስነኩ። ትንሽ የመስቀል ካቻቪቴ ይበቃል። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደርድሩ፣ ረጃጅሙና አጫጭሩ ይለያያሉና፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ብታስገቡት ሌላ ነገር ይበሳል። ሽፋኑ ካልለቀቀ ያረጀ የባንክ ካርድ በጠርዙ አስገቡ እንጂ በካቻቪቴ አትፈልቅቁት። አንዳንዴ ደግሞ ጎማው ሥር የተደበቀ ብሎን ይኖራል፣ እሱን ሳትፈቱ አትጎትቱ።

ዲስኩ ብዙ ጊዜ በቀጭን የብረት መያዣ ታስሮ ነው የሚገኘው። መያዣውን ፈታችሁ ኤስኤስዲው ላይ እሰሩት። አዲሱ ቀጠን ስለሚል ትንሽ ሊወዛወዝ ይችላል፣ ወፍራም ወረቀት አጥፋችሁ ከጎኑ ብታደርጉ ይይዘዋል። ሲሰካ ጠቅ እስኪል ነው፣ በጉልበት አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩት የድሮውን ዲስክ በዩኤስቢ እንዳትሰኩ። ሁለቱ አሁን መንትያ ናቸው፣ ዊንዶው ግራ ይገባዋል። አዲሱን ብቻ ይዞ ይነሳ። ካልተነሳ አትደንግጡ። ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9፣ ዴልና ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 12 እየተጫናችሁ አብሩና አዲሱን ዲስክ ምረጡ። ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ሶኬቱ በደንብ አልገባም፣ ከፍታችሁ እንደገና ስኩት። አለ ግን ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ፣ የዊንዶው መጫኛ ፍላሽ አስገቡና ስታርትአፕ ሪፔር የሚለውን አሠሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ባዮስ (ከዊንዶው በፊት የሚመጣው የላፕቶፑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ሌጋሲና ዩኢኤፍአይ የሚሉትን የማስነሻ ምርጫዎች እንዳትነካኩ፣ ክሎን ከመደረጉ በፊት በነበረበት ይቆይ። አክቲቬሽኑ ብዙውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲስክ ስለተቀየረ አይጠፋም።

ከተነሳ በኋላ ዲፍራግ የሚባለውን፣ የተበተኑ ፋይሎችን አንድ ላይ የሚሰበስብ ፕሮግራም ከየትም አምጥታችሁ አትጫኑ። ለሃርድ ዲስክ የተሠራ ነው፣ ኤስኤስዲን ያለ ጥቅም ያደክመዋል። ዊንዶው ራሱ የሚያስፈልገውን ያደርጋል። ፍላሽ ላይ መገልበጡን ግን አታቁሙ፤ ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ያቃስታል፣ ይንቋቋል፣ ኤስኤስዲ ግን ትናንት ሠርቶ ዛሬ ዝም ሊል ይችላል።

የድሮውን ዲስክ ለሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት፣ አትንኩት። ሁሉም ነገር መኖሩን ካረጋገጣችሁ በኋላ ያ ኬዝ ውስጥ ክተቱት፣ ጤነኛ ከሆነ የውጭ ሃርድ ዲስክ አገኛችሁ። ፎርማት ስታደርጉት ግን እንደገና መጠኑን እዩ።

መምህሩ አሁን ያበሩታል፣ ደጅ ሳይወጡ ይነሳል። ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ ባለቤታቸው ቅሬታ አቀረቡብኝ፦ «ድሮ ያ ዕቃ እስኪነሳ እንኳ ከሰው ጋር ያወራ ነበር።»