አዲስ ኢርፎን ከመግዛታችሁ በፊት ጎማውን ቀይሩ

ርካሽ ኢርፎን ገዝታችሁ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) የሚባል ነገር የለውም? ኢርፎኑን ከመጣላችሁ በፊት ጆሯችሁ ላይ እንዳለ በጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ጫን አድርጉት። ቤዙ ድንገት ከመጣ ኢርፎኑ ደህና ነው፤ ችግሩ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የለስላሳው ጎማ ልክ ነው። ጎማው ጆሮን በደንብ ካልደፈነ ወፍራሙ ድምፅ በክፍተቱ ያመልጣል፣ ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጡትን ትልቅና ትንሽ ጎማዎች ሞክሩ (ብዙ ሰው ሳያያቸው ከካርቶኑ ጋር ይጥላቸዋል)። የሁለቱ ጆሮ ልክ ሊለያይ ስለሚችል ለግራው ትልቅ፣ ለቀኙ መካከለኛ ማድረግም ይቻላል።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ ደግሞ ሽቦውን ከጃኩ (ስልክ ላይ ከሚሰካው ጫፍ) ሥር ወዲህ ወዲያ አንቀሳቅሱት። ድምፁ ከተቆራረጠ አትግዙ።

ጎማ ለሌለው የኢርፎን ዓይነት የጎማ መቀየሩ ዘዴ አይሠራም። መንገድ ስትሻገሩም ኢርፎኑን አውጡት፤ በደንብ የተደፈነ ጆሮ የመኪና ጥሩምባ ላይሰማ ይችላል።